በቅሬታ መዝገብ ቤት ስለተፈለፈሉት አምስት መቶ አሥራ አንድ ጫጩቶች

ለክቡር የኃይል ሥርጭትና ሽያጭ ተቋም ዋና ዳይሬክተር
መብራት ባለበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮና በበራ አምፖል ሥር እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፤ ሙቀቱና አምፖሉ ግን በራስዎ እጅ ስለሆኑ ብዙም አልሰጋም። ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ከጸሐፊዎ ጀርባ ያለው የሻይ ማፍያም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ጊዜዎን መውሰድ ነውር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ መፍታትን እምቢ ስላለኝ ባለቤቴ፣ እሱም ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሞተሩ የተቃጠለ የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ ማሞቂያ ሽቦና ማራገቢያ ገጥሞ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አደረገልኝ። የሰፈሩ ሴቶች ዶሮዎቻቸው የጣሉትን እንቁላል ያመጡልኛል፤ እኔም የማን እንደሆነ በእርሳስ ምልክት አድርጌበት አስገባለሁ፤ በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩታቸውን ይወስዳሉ፣ ከአምስት አንዱ ለእኔ ይቀራል። ማሽኑ ስድስት መቶ ሃያ እንቁላል ይይዛል። እንግዲህ ድሮም አሁንም ሥራዬ ማዋለድ ነው፤ የአሁኖቹ ብቻ እናታቸው ምጥ ላይ ሆና አትሰድበኝም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት ከቅርንጫፍ መሥሪያ ቤትዎ የደረሰኝ፣ በሦስት ማኅተም የተመታ ማስጠንቀቂያ ነው። በእሱ ላይ «ያልተፈቀደ የኤሌክትሪክ ዕቃ በተቋሙ ሕንፃ ውስጥ በመሰካት» እና «ለተቋሙ ሥራ የማያስፈልጉ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት ወደ ግቢ በማስገባት» ተከስሻለሁ። አልክድም። ለተቋሙ ሥራ ሕይወት ያለው ፍጥረት እንደማያስፈልግ ግን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሌሎች ምስጋናዎችም አሉብኝ።

አንደኛ፤ ስለ ውኃው። ባለፈው በጋ ግድቡ ጎደለ ብለው በፈረቃ አኖሩን፤ ተረዳን። የሌለ ውኃ ተርባይን አያዞርም፤ ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሰማዩን እያየን ክረምቱን ጠበቅን። ክረምቱም መጣ፣ ዝናቡም ያለ ስስት ዘነበ፣ ግድቡም ሞልቶ ትርፉ ውኃ ተርባይኑን ሳይነካ በማስተንፈሻው በር እየወጣ ወደ ቆላ ሲወርድ በቴሌቪዥን አሳዩን። በማግስቱ ፈረቃው ከአራት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት አደገ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ አሁን ውኃ ሞልቷል፣ የደከመው መስመሩ ነው ተባልን። በበጋ ውኃ የለም፣ በክረምት መስመር የለም። በሁለቱ መካከል ውኃም መስመርም የሚገናኙበት ወቅት ካለ፣ እባክዎ በየትኛው ወር እንደሚውል ያሳውቁንና እንቁላላችንን በዚያው እናስገባ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዋጋው። ታሪፉ የጨመረው «ኅብረተሰቡ የኤሌክትሪክን እውነተኛ ዋጋ እንዲገነዘብ» መሆኑን በማስታወቂያዎ አንብቤ በጣም ሣቅሁ፤ እኛ እውነተኛ ዋጋውን ከጠፋበት ቀን ጀምሮ እናውቀዋለን። ለጎረቤት አገር በክረምት ከእኛ ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጥም ሰምቻለሁ፤ ይህንን እንኳ አልቃወምም። በበሩ ፈስሶ ከሚቀር ውኃ በርካሽ የተሸጠ ይሻላል፤ ጎረቤትም ሰው ነው፣ እሱም አምፖል አለው። የማይገባኝ ፈስሶ ሊቀር ነው የተባለው ውኃ ለእነሱ ሲሆን ርካሽ፣ ለእኛ ሲሆን ውድ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለ የሚሆንበት ጥበብ ነው።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ወንበርዎን ያመቻቹ።

ነገሩ በተፈጸመበት ሳምንት ሰፈራችን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት መብራት እንደማይኖረው በቅርንጫፍዎ በር ላይ ተለጥፎ አንብቤያለሁ። ስድስት ሰዓት ለእንቁላል ይከብዳል እንጂ አይገድልም። ማሽኑን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ፍል ውኃ የሞሉ ጠርሙሶችን ከታች ደርድሬ ማለፍ ለምጃለሁ። ረቡዕ ግን እንቁላሎቹ አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር፤ እነዚያ የመጨረሻ ቀናት ደግሞ ከምጥ አይለዩም። ጫጩቱ እዛው ውስጥ ዞሮ፣ ምንቃሩን ወደ ሰፊው ጫፍ አድርጎ መተንፈስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያኔ ብርድ ከመታው በተኛበት ይቀራል።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ መብራት የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የለም። የሙቀት መለኪያው ከሠላሳ ሰባት ተኩል ወደ ሠላሳ አራት ወረደ። አንዱን እንቁላል አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው ከውስጥ ቧጠጥ፣ ቧጠጥ ሲል ሰማሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አላውቅም። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆሞ «በቃ፣ መጸለይ ነው እንግዲህ» አለኝ። «ጸሎቱን አንተ ያዝልኝ፣ እኔ መሥሪያ ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩት።

የቅርንጫፍዎን አዳራሽ አወድሳለሁ፤ ሙቀቱ ከእኔ ማሽን ይበልጣል። ውጪ ዶፍ እየጣለ ሁለት ሠራተኞች ሙቀቱ አንገሽግሿቸው መስኮት ከፍተው ነበር፤ የመረጃ ክፍል ወይዘሮዋም በባዶ የቅሬታ ቅጽ ራሷን ታራግብ ነበር። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ግድባችን በሙዚቃ ታጅቦ ይፈስሳል። መስኮት ላይ የተቀመጠው ባለ መነጽሩ መሐንዲስ በትሕትና አነጋገረኝ።

«የእኛ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ አብቅቷል፤ መብራቱ የት ደረሰ?» አልኩት።

«ተራዝሟል፣ እናቴ። ጎረቤቶቻችን ዛሬ ተጨማሪ ስለጠየቁ ለእነሱ ተለቋል።»

«ለአንድ ቀን እነሱ ላይ ቢራዘምስ?»

«ለእነሱ ካቋረጥን ውል አለ፤ ቅጣት እንከፍላለን።»

«ለእኔ ካቋረጣችሁስ?»

መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገው፤ መልሶ አደረገው። «ለእርስዎ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለኝ። ወዲያውም ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ይህን ሰው እንዳይቀጡብኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ደጅ በጠናሁባቸው ዓመታት እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ባለሙያ ብዙ ገጽ የሚጽፍበትን የገበያ ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረድቶኛል፤ ማቋረጥ የሚያስቀጣበት ደንበኛ አለ፣ ማቋረጥ ነፃ የሆነበት ደንበኛ አለ፤ ኃይል ሲያጥር ከየትኛው እንደሚቀነስ ለመገመት የእኔ የሒሳብ ችሎታም በቃኝ። ስወጣ ለነገሩ ያህል «እዚህስ መቼ ነው የሚጠፋው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እዚህማ አይጠፋም፣ መስመራችን የተለየ ነው» አለኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቆሟል። ወታደር ሆኖ ባያውቅም ለገባ ለወጣው ሁሉ ሰላምታ ስለሚመታ የሰፈሩ ሰው «ሻለቃ» ይለዋል። መንታ ልጆቹን ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ በእግሯ ስለመጣች እሱ በኮሪደሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። «ሻለቃ፣ ስድስት መቶ ሃያ ነፍስ እጄ ላይ ሊቀዘቅዝ ነው፤ አንድ ሶኬት ፈልግልኝ» አልኩት። ዝናቡን አየ፣ አዳራሹን አየ፣ ዝቅ ብሎም «እትዬ፣ የቅሬታ መዝገብ ቤቱ ሶኬት አለው። ሕንፃው ከተመረቀ ወዲህ ሰው ሲገባበት አላየሁም» አለኝ።

አንድ ሰዓት አልሞላም። ባለቤቴ ከድሮ ባልደረባው ፒካፕ ተውሶ፣ ማሽኑን በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ጭኖ መጣ። ከውጪ ሲያዩት ማቀዝቀዣ ነውና ሻለቃ በመዝገቡ ላይ «ማቀዝቀዣ፣ አንድ፣ ለሥራ አስኪያጁ» ብሎ መዘገበው። ይህንን ሲጽፍ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ውሸት ሳይሆን አይቀርም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የኮሪደሩን በር ይዞልን «ቀስ በሉ፣ እንዳይቧጨርባቸው» አለ። ሰካነው። ማራገቢያው ዞረ። መለኪያው ሠላሳ ሦስት ላይ ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ባለቤቴም እጄን አልለቀቀም። ከሠርጋችን ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ እጄን የያዘበትን ቀን አላስታውስም።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የተራ ቁጥር ወረቀት ይዤ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። በተቋምዎ ቁጥር ይዞ የሚጠብቅን ሰው ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በስማቸው ማቀዝቀዣ መግባቱን ሰምተው ለምን ቢሯቸው እንዳልደረሰ ሻለቃን ቢጠይቁት «በምዝገባ ላይ ነው» አላቸው፤ ረክተው ሄዱ። እኔም ሥራ ስፈታ መደርደሪያውን ቃኘሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩትን የራሴን ማመልከቻ አገኘሁት፤ ፖስታው አልተከፈተም። በጥሩ ሁኔታ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ እቤት ቢሆን ይጠፋብኝ ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ቅርፊት መሰንጠቅ ጀመረ። አንዷ ቀደመች፤ ዙሪያውን እንደ ክዳን ቆርጣ፣ ገፍታ፣ እርጥብ ላባዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃምሳ፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከሁለት መቶ በላይ ሆኑ። እኔ ምን ላድርግ? ዝም በሉ የሚባል ሕፃን አላውቅም። ለካ ያን ዕለት ከግድግዳው ማዶ ባለው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ከእኛ ኃይል የሚገዛው የጎረቤት አገር ተቋም ልዑካን ለውል እድሳት ተቀምጠዋል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሥራ አስኪያጁን ንግግር ቃል በቃል እሰማለሁ። «አቅርቦታችን አስተማማኝና የማይቆራረጥ መሆኑን በኩራት እገልጻለሁ» አሉ። ጺው ጺው ጺው አሉ ጫጩቶቹ።

ሥራ አስኪያጁ «እባካችሁ ስልኮቻችሁን ድምፅ አጥፉልኝ» አሉ። እንግዶቹ አጠፉ። ጩኸቱ ባሰ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ ኮቴ ሰማሁ፣ በሩ ተበረገደ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ በሁለት መዳፌ ሁለት እርጥብ ጫጩት ይዤ ቆሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ እኔን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ቀስ ብለውም «ይሄ ነው ማቀዝቀዣዬ?» አሉ።

የልዑካኑ መሪ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በአስተርጓሚ «ለምን እዚህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ከእነ ረቡዕ ከሰዓቱ፣ ከእነ «ተራዝሟል»ው ነገርኳቸው። አስተርጓሚው ሊያለዝበው ፈልጎ እንደነበር ከንግግሩ ማጠር ገባኝ፤ እኔ አንድ ደቂቃ ስናገር እሱ በአራት ቃል ይጨርሳል። ደግነቱ ሰውየው ከሚተረጎመው ይልቅ ፊቴን ያዩ ነበር። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ አንዷን ጫጩት አስያዝኳቸው። በአውራ ጣታቸው እርጥብ ላባዋን ጠራረጉላት። ከዚያም «እኛ ዘንድ መብራት ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ከማን ላይ እየተነሣ እንደሚመጣ ግን ጠይቀን አናውቅም» አሉ። ወደ ሥራ አስኪያጁም ዞረው «የዚህን ሳምንት ተጨማሪ ኃይል አንፈልገውም። መልሱላቸው» አሏቸው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን እንደ ተአምር ያዩት ዘንድ እለምንዎታለሁ። ያ ክረምቱን ሙሉ የደከመው መስመር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከሕመሙ ተነሣ። ባለቤቴ ከቤት ደውሎ «መብራት መጣ፤ ምን አደረግሽ?» አለኝ። መስመሩን ያዳነው መድኃኒት በኪኒን መልክ ካለ ለጤና ጣቢያችንም ቢታደል መልካም ነው።

አምስት መቶ አሥራ አንድ ጫጩቶች ወጡ። መቶ ዘጠኙ አልወጡም። እነዚህን አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ ሙሉ አካል ነበራቸው፣ ላባም አብቅለዋል፤ ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ውስጥ የቀሩ ናቸው። ከጓሮ ቀበርናቸው። ለሴቶቹ በየምልክታቸው ነገርኳቸው። ጡብ በመሸከም የምትተዳደር አንዲት ጎረቤቴ ሃያ እንቁላል ሰጥታኝ ነበር፤ የእሷ ከሁሉም ቀድሞ በሚቀዘቅዘው ከበሩ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ስለነበር የደረሷት አራት ብቻ ናቸው። ከእኔ ድርሻ ልጨምርላት ብል እምቢ አለችኝ። አራቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማሳዘን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያዎ ላይ «የደረሰ ጉዳት» የሚለው ክፍት ቦታ ባዶ ሆኖ ስላየሁት እንዲሞሉት ብዬ ነው።

አራተኛ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ዋናው ጉዳይ። ሻለቃ ከሥራ ታግዷል። ዘጠኝ ዓመት ያለ አንድ ቀሪ በዝናብና በፀሐይ በርዎ ላይ የቆመ ሰው፣ ሐሰተኛ ምዝገባ አካሂደሃል ተብሎ ዩኒፎርሙን አስረክቧል። አሁን ቤቱ ተቀምጦ በልማድ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ከመስኮት ሰላምታ ይመታል። ሚስቱ «ሌሊት እንኳ እየተነሣ በሩ መቆለፉን ያያል፣ እትዬ» ብላ ነገረችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምኜው እንጂ እሱ አላሰበውም፤ ልጆቹን ያዋለደችለትን ሴት እምቢ ማለት ያቃተው ሰው በምን ሕግ እንደሚከሰስ አላውቅም። ለሦስት ቀን የተጠቀምኩበትን ኤሌክትሪክ እከፍላለሁ፤ ቅጣትም ካለ በእኔ ስም ይጻፍ፤ ከፈለጉም ማሽኑን ይውረሱና ለሥራ አስኪያጁ ማቀዝቀዣ ያድርጉላቸው። ሰውየውን ግን ወደ በሩ ይመልሱት።

ከዚህ ጋር የሰፈራችን አርባ ሦስት ሴቶች የፈረሙበትን ወረቀት አያይዣለሁ። ጽሕፈት የማይችሉት እንቁላላቸው ላይ የማደርግላቸውን ምልክት አድርገዋል፤ አንዷ ክብ፣ አንዷ ሦስት ጭረት፣ አንዷ ዓሣ የመሰለ ነገር። በተቋምዎ ዓይን ፊርማ ላይመስል ይችላል። እኔ ግን በእነዚህ ምልክቶች ስንት ጊዜ የሰው ንብረት ተረክቤ አስረክቤያለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ስላነበቡኝ፣ ወይም ፖስታው አንድ ቀን ከተከፈተ ስለሚያነቡኝ፣ ምስጋናዬ የግድባችንን ያህል ሞልቶ የሚፈስ ነው። በፈረቃ ለምንኖረው፣ በይቅርታ ለምንካሰው፣ በየወሩም ሳናጓድል ለምንከፍለው ትዕግሥተኛ ደንበኞችዎ ሁሉ ከፍተኛ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ፈረቃችን ይራዘምልዎ ዘንድ እመርቃለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ፣
የቆጣሪ ባለቤት፣ የመብራት እንግዳ

ማስታወሻ፤ ታናሽ እህቴ ከድንበሩ ማዶ ተድራ ትኖራለች። በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ማሽኑን ጭኖ ወስዶ ጓዳዋ ውስጥ ተክሎልኛል፤ ይህንንም የምጽፈው ከእሷ ቤት ሆኜ ነው፤ እንቁላሎቹም ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ እስካሁን መብራት ለአንዲት ደቂቃ አልጠፋባቸውም። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ጎረቤቶቿን ብጠይቅ የእርስዎን ተቋም ስም በታላቅ አክብሮት ጠሩልኝ። እኔም ቢሆን ለአገልግሎትዎ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ወደዚህ ሊጎበኙን ከመጡ ግን ፓስፖርት እንዳይረሱ፤ አገልግሎትዎ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው።